ግብጽ እንጨት ስለሌላት ነውን?

ጥያቄ፦ በካይሮ ጥንታዊ መስጊዶች ኢማሙ የጁምዓ ስብከት የሚያሰማባቸው የእንጨት ሚንበሮች ጎናቸው በኮከብና በባለብዙ ማዕዘን ቁርጥራጮች የተሞላ ነው። ትልቅ ዛፍ ስላልነበራቸው ቁርጥራጭ ለቅመው ሠሩ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው፤ አስጎብኚዎች ግን ሙሉ አድርገው ይሸጡታል። ግብጽ ጥሩ ሳንቃ ከውጭ ታስገባ ስለነበር ቁራጭ አይጣልም። ነገር ግን የሶርያው ገዢ ኑር አድ-ዲን በ1160ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ለኢየሩሳሌሙ አል-አቅሳ መስጊድ ብሎ አሌፖ ላይ ያሠራውን ሚንበር ያስቡ። እንዲህ ያለ ገዢ ሰፊ ሳንቃ መግዛት አቅቶት ነው? የእሱም ሚንበር ግን በትናንሽ ቁርጥራጮች የተገጠመ ነበር።

እኔ የምመልሰው እንደ አናጢ ነው። እንጨት ተቆርጦም አያርፍም፤ እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህም በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ ነው። ሰፊ ሳንቃ በምስማር ቸንክረው ቢያስሩት ይሰነጠቃል ወይም ይጣመማል። ቁራጩ ሲያንስ እንቅስቃሴውም ያንሳል። ትልቁ ብልሃት ግን ዳር ላይ ነው፦ ኮከቦቹን በሚያዋስኑት ቀጫጭን ዘንጎች ጎን ቦይ ይቆፈራል፣ ለኮከቡ ምላስ ይወጣለታል፣ ምላሱም ያለ ሙጫ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁራጭ ጎረቤቱን ሳይገፋ ይሰፋል፣ ይጠባል።

ንድፉን ለማውጣት ኮምፓስና ማስመሪያ ይበቃል፤ ክቡን ለስምንት፣ ለአሥር ወይም ለአሥራ ሁለት ከፍሎ ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር ማገናኘት ነው። ላብ የሚያፈሰው መጋዙ ነው። በአሥር ጫፍ ኮከብ ዙሪያ እያንዳንዱ ማዕዘን በጥቂቱ ቢሳሳት ስህተቱ እየተደመረ ሄዶ የመጨረሻዋ ቁራጭ እምቢ ትላለች። እንዲህ የደከመ ሰው ስሙን ቢጽፍ አይፈረድበትም፤ ካይሮ በሚገኘው የታላቁ የእስልምና ሕግ ሊቅ የኢማም አሽ-ሻፊዒ መቃብር ላይ ያለውን የእንጨት ሣጥን በ1178 የሠራው ዑበይድ የተባለ አናጢ ስሙን ቀርጾበታል። ደግ አደረገ!

የአሌፖውን ሚንበር የግብጽና የሶርያ ሱልጣን የነበረው ሳላህ አድ-ዲን ኢየሩሳሌምን በ1187 ከያዘ በኋላ አስመጥቶ አል-አቅሳ ውስጥ አቆመው። ድርቀትም እርጥበትም አላሸነፈውም፤ ያጠፋው በ1969 መስጊዱ ላይ የተለኮሰ እሳት ነው። ምትኩ ዮርዳኖስ ውስጥ ተሠርቶ በ2007 ተተከለ፤ ሠሪዎቹም ዘመናዊ ሙጫ በየሱቁ ሞልቶ ሳለ ቁርጥራጩን በዚያው በጥንቱ መንገድ አንዱን ከሌላው አጣምረው ገጠሙት።