የኤ.ኤል.ቲ መውረድ ብቻውን የጉበት ስብ መቀነሱን አያረጋግጥም

ስፒሩሊና የተባለውን አልጌ ለሦስት ወር ወስደው በደም ምርመራ የሚለካው የጉበት ኢንዛይም ኤ.ኤል.ቲ ከ78 ወደ 49 በመውረዱ የጉበትዎ ስብ ቀንሶ እንደሆነ ጠይቀዋል፤ በዚህ ውጤት ብቻ እንደዚያ ማለት አይቻልም። ኤ.ኤል.ቲ የሚጠቁመው የጉበት ሴሎችን ጉዳት እንጂ የስቡን መጠን አይደለም። በእነዚህ ወራት ክብደት ቀንሰው ከሆነ ደግሞ የሰውነትን ክብደት 5 በመቶ መቀነስ ብቻውን የጉበትን ስብ ስለሚያቃልል፣ ለውጡ ከአልጌው ይሁን ከክብደቱ መለየት ያስቸግራል። በስፒሩሊናና ክሎሬላ በተባለው ሌላ አልጌ ላይ የተደረጉት ሙከራዎች አነስተኛና አጫጭር በመሆናቸው የጉበት ጠባሳን እንደሚከላከሉ አላረጋገጡም።

ስለዚህ ፋይብሮስካን የተባለውን፣ ጉበትን በድምፅ ሞገድ የሚለካ ምርመራ ይሠሩ፤ ቀድሞ ተሠርተው ከሆነም በዚያው መሣሪያ ይድገሙት። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 3 ሰዓት ምግብ አይውሰዱ፤ ስቡን የሚያሳየውን ቁጥርና የጉበቱን ግትርነት (የጠባሳ ምልክት) የሚያሳየውን ለየብቻ ያነጻጽሩ።

በፋርማሲ ሥራዬ የማያቸው ብዙ የአልጌ ዱቄቶች የላቦራቶሪ ማረጋገጫ የላቸውም፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። ከሐይቅ በቀጥታ የሚሰበሰብ አልጌ ማይክሮሲስቲን የተባለውን መርዝ ከሚያመነጩ ዝርያዎች ጋር ሊቀላቀል ይችላል፤ መርዙም የሚያጠቃው ያንኑ ጉበት ነው። የአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት በክላማዝ ሐይቅ አልጌ ምክንያት የማይክሮሲስቲን መጠን በ1 ግራም አልጌ ከ1 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወስናለች። ሻጩ የማይክሮሲስቲን ምርመራ ውጤት ካላሳየዎት አይግዙ፤ የሚወስዱትንም ለሐኪምዎ ይንገሩ።