ለሊድ ሰርተፊኬት የሚሠራውን ፍሎረሰንት ሁሉ መንቀል አለብን እንዴ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ካዛንቺስ ያለ የቢሮ ህንጻ ላይ ጥገናና ግዢ የምከታተለው እኔ ነኝ። ባለቤቶቹ ለነባር ህንጻ የሚሰጠውን የሊድ (LEED፣ አካባቢን የማይጎዱ ህንጻዎች መመዘኛ) ሰርተፊኬት ፈልገው አማካሪ ይዘዋል፣ እሱ ደግሞ የምትገዙት አምፖል በአማካይ ከ70 ፒኮግራም ሜርኩሪ በሉመን ሰዓት እንዳይበልጥ አለኝ። ኤሌክትሪሻናችን ሁሉንም ነቅለን ኤልኢዲ እናድርግ ይላል፣ አለቃዬ ደግሞ የሚሠራ ፍሎረሰንት ለምን ይነቀላል እያሉ ነው። ማንን ልስማ? ስሌቱስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። እዚህ ላይ አለቃህ ልክ ናቸው። 70 የምትለዋ ቁጥር የሊድ ቨርዥን 4 ናት፣ በፈረንጆቹ የ2009 ቨርዥን ላይ 90 ነበረች፣ እና የምትመዝነው በምዘናው ጊዜ የሚገዛውን አምፖል እንጂ ጣሪያ ላይ የተሰቀለውን አይደለም፣ ስለዚህ የሚሠራውን ንቀል የሚልህ የለም፣ ጥንቃቄው ሲቃጠል በምትተካው ላይ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የአምፖሉን ሜርኩሪ በሚሊግራም ወስደህ ወደ ፒኮግራም ለመቀየር በ1 ቢሊዮን ታባዛለህ፣ ከዛ የዕድሜውን ሰዓትና ሉመኑን (የሚሰጠውን የብርሃን መጠን) አባዝተህ በሱ ታካፍለዋለህ፣ የሉመን ሰዓት የሚባለው ይህ ነው። ሉመን ስትል አዲስ ሲበራ ያለውን ሳይሆን አማካዩን ነው። ለምሳሌ 3.5 ሚሊግራም ያለው፣ 24,000 ሰዓት የሚሠራ፣ 2,800 ሉመን የሚሰጥ ፍሎረሰንት 52 አካባቢ ይመጣል፣ ያልፋል። ጠመዝማዛው ቆጣቢ አምፖል ግን ሜርኩሪው 3 ሚሊግራም ብቻ ቢሆንም 8,000 ሰዓትና 900 ሉመን ከሆነ 417 ይደርሳል! ዕድሜው አጭር፣ ብርሃኑም ትንሽ ስለሆነ ነው። አማካዩን ስታወጣ ደግሞ 52ን እና 417ን ደምረህ ለሁለት እንዳታካፍል፣ ጠቅላላ ሜርኩሪውን ለጠቅላላ የሉመን ሰዓቱ ነው የምታካፍለው። ከላይ ካልኩህ ፍሎረሰንት 100 እና ከቆጣቢው 10 ብትገዛ 56 ነው፣ መቶ መቶ ከገዛህ ግን 87 ሆኖ ትወድቃለህ። የግቢና የጠረጴዛ መብራትም ይቆጠራል።

ኤልኢዲ ሜርኩሪ የለውም፣ ግን ሂሳቡ ውስጥ የሚገባው በዋት የሚሰጠው ብርሃን ከሚተካው ፍሎረሰንት ካላነሰ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ ብቻ የተገዛ ደካማ ኤልኢዲ ላይጠቅምህ ይችላል። ቢሆንም አዲስ ስትገዛ ጥሩ ኤልኢዲ ብትወስድ እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሜርኩሪን ለመቆጣጠር በተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት አገሮቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ጄኔቫ ላይ የረጃጅም ፍሎረሰንት ምርትና ንግድ እስከ 2027 እንዲቆም ተስማምተዋል፣ አሁን ፍሎረሰንት በካርቶን ማከማቸት ዋጋ የለውም።

የሚያስቸግርህ ወረቀቱ ነው። መርካቶ ካርቶኑ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኘው ዋትና ቮልት ነው፣ ሚሊግራሙን ማን ይነግርሃል። ስለዚህ ገና ፕሮፎርማ ስትሰበስብ የፋብሪካውን ዳታ ሺት ጠይቅ፣ ሜርኩሪ፣ ሰዓትና ሉመን ካልተጻፈበት አትግዛ፣ ከገዛህም በኋላ ደረሰኙን ከዳታ ሺቱ ጋር አያይዘህ ፋይል አድርግ።

አንድ ያልጠየቅከኝን ልጨምር። የተቃጠሉትን ፍሎረሰንቶች ከቆሻሻ ጋር እንዳትጥሉ፣ በመጡበት ካርቶን ቆመው ይቀመጡ፣ ለማስወገዱም ከአማካሪው ጋር ከአሁኑ ተነጋገሩበት። ከተሰበረ ሰው ይውጣ፣ መስኮት ከፍታችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል አየር ይግባ፣ በመጥረጊያም በቫኪዩምም አትንኩት፣ በጠንካራ ወረቀት ዝቃችሁ ትንንሿን በፕላስተር አንስታችሁ ክዳን ባለው ጠርሙስ ዝጉት። ይሄንን የጽዳት ሠራተኞቹ ሁሉ ማወቅ አለባቸው፣ መጥረጊያ ይዘው ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸውና ዛሬውኑ ንገራቸው።