«እሺ» ማለት ተግባብተናል ማለት አይደለም

ውድ ልጆቼ፣

ከ30 ዓመት በላይ በጎጃም ጤና ጣቢያዎች በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶች ስታገኙኝ ደጋግማችሁ የምታነሡልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከሰው ጋር በቅጡ መነጋገርን እንዴት መማር ይቻላል የሚል ነው። አብዛኞቻችሁ ይህን የምትጠይቁት ንግግራችሁ እንዲያምርና በስብሰባ ላይ አንደበታችሁ እንዲፈታ ፈልጋችሁ እንደ ሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ሰው ሲጎዳ ያየሁት፣ ብዙውን ጊዜ፣ ተናጋሪው የተናገረው ነገር ከሰሚው ዘንድ ምን ሆኖ እንደ ደረሰ ሳያረጋግጥ በመቅረቱ ነው።

ሥራ በጀመርሁባቸው ዓመታት አንዲት እናት ከጆሮው መግል የሚፈስሰውን የሁለት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። የታዘዘለትን ሽሮፕ ሰጥቻት «በየ8 ሰዓቱ አንድ አንድ ማንኪያ ስጪው፤ የተሻለው ቢመስልሽም እንዳታቋርጪ» አልኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች «እሺ» አለች፤ እኔም ካርዱን ዘግቼ ቀጣዩን ሰው ጠራሁ። በሳምንቱ ስትመለስ የልጁ ጆሮ እንደ በፊቱ ይፈስሳል፤ ጠርሙሱም ከግማሽ በላይ አልጎደለም። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ ተቆጣኋት። እርሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኧረ እኔስ አንድ ቀንም አላሳለፍሁ፤ የቤታችን ጥላ ከደጃፉ ድንጋይ ሲደርስ 8 ሰዓት ነው ብለውኝ፣ ዕለት ዕለት በ8 ሰዓት እየሰጠሁት ነው የሰነበትሁ» አለችኝ።

«በየ8 ሰዓቱ» ያልሁት በእኔ ጆሮ በቀን 3 ጊዜ ማለት ነበር፤ በእርሷ ጆሮ ግን ፀሐይ ከአናት ዘንበል የምትልበት ሰዓት ነበር። ሁለታችንም ያደግነው በአንድ አማርኛ ነው፤ እርሷም ያዘዝኋትን አንዲት ቀን ሳታጓድል፣ ጥላ እየጠበቀች ፈጽማለች። የተቆጣኋት ስለ ራሴ ጥፋት ነበር። ያን ቀን በሰው ፊት ይቅርታ ሳልጠይቃት መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ «ገባሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅን ተውሁ። ነጭ ጋዋን ለለበሰ ሰው «አልገባኝም» የሚል የለምና። በምትኩ «ቤት ስትደርሺ ለአማትሽ እንዴት ብለሽ ትነግሪያታለሽ?» እል ጀመር። አማቷን ስለምታስብ አታፍርም፤ በራሷ አነጋገር ስታወራው የተሳተው ቦታ ወዲያው ይታያል። ሲሳትም «አልሰማሽኝም» አልልም፤ «እኔ አጥርቼ አልነገርሁሽም» ብዬ እደግመዋለሁ። እናንተም አለቃችሁ ሥራ ሲሰጣችሁ ራሳችሁን ነቅንቃችሁ አትውጡ፤ «እንግዲህ የተረዳሁት ይህንን ነው፣ እስከ ዐርብ የሚፈለገውም ይኼ ነው» ብላችሁ መልሳችሁ ንገሩት። ይህን በማለቱ ደካማ ተብሎ የተናቀ ሠራተኛ አላየሁም።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለውን ተረት ሁላችንም ሰምተን አድገናል፤ ታላቅን ማክበርን የሚያስተምር ስለ ሆነ አልነቅፈውም። ነገር ግን በአገራችን «እሺ» ሲባል «ሰምቻለሁ»፣ «ላስቀይምዎ አልወድም»፣ «ቶሎ ልሂድበት» ማለትም ሊሆን ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ለ6 ወር ይወሰዳል፤ በሽተኛው ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉ ጋብ ብሎለት ጉልበቱ መመለስ ሲጀምር የዳነ ይመስለዋል። ያኔ «እንዳታቋርጥ» ሲባል «እሺ» ይላል፤ ይሁን እንጂ መንገዱ ሩቅ፣ አዝመራውም የደረሰ ከሆነ የሚመጣ መስሎ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ሰው «ትመጣለህ?» ከማለት «በአጨዳው ወራት ማን ይተካሃል? በየትኛው ቀን ይመችሃል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እንዲህ ስትጠይቁት ችግሩን ያወጣዋል።

ቃልም ቢሆን እንደ ሰሚው ነው። የገጠር ሰው «ልቤን ያመኛል» ብሎ ሲመጣ፣ አዲስ የተመደበ ባለሙያ ወዲያው ስለ ልብ ሕመም ሊያስብ ይችላል፤ «እስኪ በእጅዎ ያሳዩኝ» ሲባል ግን ብዙው የሚያሳየው ከጎድን አጥንቱ በታች ጨጓራው ያለበትን ቦታ ነው። «እስኪ ያሳዩኝ» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ አክብሮትም ልንገራችሁ፤ በዚህ ነገር እኔ አጥባቂ ነኝ። ከአባቱ የሚበልጥ ገበሬ ከጠረጴዛው ፊት ቆሞ ሳለ «አንተ፣ ምን ፈለግህ?» የሚል ወጣት ጸሐፊ አይቻለሁ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ኧረ ምንም» ብለው ወጡ። «አንቱ» ብሎ ወንበር ማሳየት አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ሰው ሲያናግራችሁ ስልካችሁን መነካካት ደግሞ እኒያን ሽማግሌ «አንተ» ከማለት አይሻልም።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የሚታወቁት በቅኔ ትምህርታቸው ነው። ቅኔ የሚሰማ ሰው ገና ከመጀመሪያው ቃል አይፈርድም፤ ወርቁ ከሰሙ ሥር እንዳለ ስለሚያውቅ እስከ መጨረሻው ይታገሣል። ከጉዳያቸው ርቀው የሚጀምሩ ሰዎችን ሳዳምጥ የማስታውሰው ይህንን ነው። ሰላምታችንም ቢሆን ረጅም ነው፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው እንጠያየቃለን። እናንተ ጊዜ ማባከን ይመስላችኋል፤ እኔ ግን በሰላምታው መካከል የሰውየው ድምፅ የት ላይ እንደ ተሰበረ አዳምጣለሁ።

በአንድ የገበያ ቀን አንዲት ባልቴት ራስ ምታት ብለው መጡ። የደም ግፊታቸውን ለካሁ፤ ደኅና ነበር። የሕመም ማስታገሻ ሰጥቻቸው ካመሰገኑኝ በኋላ በትራቸውን ይዘው ተነሡ። ከበሩ ሲደርሱ መቃኑን ያዝ አድርገው «እንቅልፍስ ካጣሁ ሰንብቻለሁ» አሉ፤ እንደ ዋዛ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ እንዳዞሩ። ደጅ ላይ ከ20 የማያንስ ሰው ተሰልፏል፤ እጄም ወደ ሚቀጥለው ካርድ ሄዶ ነበር። ካርዱን መልሼ አስቀመጥሁና «እማማ፣ እስኪ ተመልሰው ይቀመጡ፤ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኋቸው። ተመልሰው ተቀመጡ፤ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ርቆ ስለ ሄደው፣ ወሬውም ስለ ጠፋው ልጃቸው ይነግሩኝ ጀመር።