አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ፦ ስለ አሞኒያ የጠየቃችሁኝ

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ጓሮዬ ውስጥ ደግሞ ስልሳ ዶሮ አለኝ። አሞኒያን በመጽሐፍም በአፍንጫም አውቀዋለሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሽታ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩት በላይ መጣ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አርባ ዶሮ በአንዲት ክፍል አስገብተናል። ጠዋት በሩን ስከፍት ዓይኔ ያነባል። ባለቤቴ ግን እዚያው እየዋለ «ምንም አይሸትም» ይለኛል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ዓይንሽን እመኚ። የባለቤትሽ አፍንጫ ለምዶታል። አሞኒያ ትንሽ ሲቆዩበት የጠፋ ይመስላል፤ ጋዙ ግን የትም አልሄደም። ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥለውም እርጥበት ስለሚወድ ነው፤ እንባችን ውስጥ ገብቶ ይሟሟና የሚያቃጥል ነገር ይሆናል። ዶሮ አርቢዎች በአየር ውስጥ ከ25 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 25) እንዳይበልጥ ይጠነቀቃሉ። ከዚያ ካለፈ የዶሮዎቹ ዓይን ይቀላል፣ መተንፈሻቸው ይጎዳል፣ በሽታ በቀላሉ ይገባቸዋል።

ምንጩ ኩሱ ነው። ባክቴሪያ በውስጡ ያለውን ዩሪክ አሲድ ሲያፈርሰው አሞኒያ ይወጣል። ባክቴሪያ ደግሞ ያለ እርጥበት አይሠራም። ስለዚህ ሽታውን ከማሳደድሽ በፊት ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጊ።

እኔ አንድ ክረምት ኩስ ስጠርግ ከረምኩ፤ ሽታው ወይ ፍንክች! አንድ ቀን ጎንበስ ብዬ ሳይ የውሃ መጠጫው ተሰንጥቆ ጠብ ጠብ ይላል። ከሥሩ ያለውን ሰጋቱራ በእፍኜ ጨበጥ አደረግኩት። እንደ ሊጥ ተጣብቆ ቀረ። ደህና ጉዝጓዝ ሲጨብጡት ትንሽ ይያያዝና እጅ ሲከፈት ይበተናል። እርጥቡን አውጥቼ ደረቅ ሰጋቱራ አለበስኩት፤ አዲሱን መጠጫ በዶሮዎቹ ጀርባ ልክ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። በሦስተኛው ቀን ዓይኔ ማንባቱን ተወ።

አሞኒያ ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። ከጣሪያው ሥር መውጫ ተዪለት፤ ብርድ ፈርተሽ ቀዳዳውን ሁሉ በጆንያ አትድፈኚ። ባለቤትሽንም አንድ ጠዋት፣ ገና ከውጭ እንደመጣ፣ በዶሮዎቹ ቁመት ልክ ቁጢጥ ብሎ ይተንፍስ በይው። እነሱ የሚኖሩት እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ኩሱ ላይ ኖራ ብነሰንስበትስ?

መልስ፦ ብዙ ሰው ይመክራል፤ እኔ ግን ዶሮ እያለበት አልመክርህም። አሞኒያ አሲድ ሲያገኝ ታስሮ ይቀመጣል፤ ኖራ ሲያገኝ ይፈታል። እርጥብ ኩስ ላይ ኖራ ከነሰነስክ መጀመሪያ የሚመጣው የባሰ ሽታ ነው። አመድም ያው ነው።

ጥያቄ፦ ያለሁት ዱባይ ነው፣ ቤት ውስጥ ሠራተኛ ነኝ። ማዳሜ ክሎሮክስና የመስታወት ማጽጃ ቀላቅዬ መታጠቢያ ቤቱን እንዳጥብ ታዘኛለች። ከሠራሁ በኋላ ያስለኛል፣ ደረቴንም ይይዘኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ አቁሚ። ክሎሮክስ እኛ በረኪና የምንለው ነው። ብዙ የመስታወት ማጽጃ ደግሞ አሞኒያ አለበት። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎራሚን የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ከአሲድ ጋርም አይቀላቀልም፤ እዚያ የሚወጣው ክሎሪን ነው። በረኪናን ለብቻው በውሃ አቅጥነሽ ተጠቀሚበት፤ በርና መስኮት ክፈቺ። የቆየ ሽንት ራሱ አሞኒያ ስላለው መጀመሪያ ብዙ ውሃ ልቀቂበት።

ድንገት ከተቀላቀለብሽ ጥለሽው ውጪ፤ ልጥረገው ብለሽ አትመለሺ። ዓይንሽን ከነካው ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቢ። አሁን ያለብሽ የደረት ሕመም ካልለቀቀሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ሐኪም ይይሽ። ለማዳምሽ ማስረዳት ከከበደሽ የጠርሙሱን ጀርባ አሳያት፤ ማስጠንቀቂያው ብዙ ጊዜ እዚያው ተጽፏል።

ጥያቄ፦ «አሞኒያ የለውም» የሚባለው የፀጉር ቀለም ይሻላል?

መልስ፦ ለአፍንጫ አዎ። አሞኒያ የፀጉሩን ቅርፊት ከፍቶ ቀለሙን ያስገባል። ሌላውም ይህንን የሚሠራ ነገር ያስፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜ ኢታኖላሚን የሚባል ነው። ስላልሸተተ ብቻ ቆዳ አይቆጣም ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ እናቴ ሰሞኑን ትንፋሿ ሽንት ሽንት ይላል። ይደክማታል፣ እግሯም ያብጣል። የጥርስ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን ድካምና እብጠት ከተጨመረበት በጥርስ አትጀምር። ኩላሊት ሲደክም ዩሪያ፣ ማለትም በሽንት መውጣት የነበረበት ቆሻሻ፣ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከምራቅ ጋር ወደ አፍ ይመጣና የአፍ ባክቴሪያ ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። ነገ ዛሬ ሳትል ሐኪም ቤት ውሰዳቸው። የኩላሊት ምርመራ፣ ማለትም ክሬቲኒንና ዩሪያ፣ እንዲሁም የሽንት ምርመራ ይታዘዝላቸው። የደም ግፊታቸውም ይለካ።

ጥያቄ፦ አባቴ ዩሪያ በበተነ ማግስት ማሳው ይሸታል። ጤና ነው?

መልስ፦ የሚሸትህ ብራችሁ ነው። ዩሪያ ማዳበሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ እርጥብ መሬት ላይ ተበትኖ ፀሐይ ሲመታው ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይበናል። እንደበተኑት አፈር ያልብሱት።

ጥያቄ፦ ድመቴ ሶፋው ላይ ሸናች። ምን ልቀባው?

መልስ፦ መጀመሪያ በጨርቅ ምጠጪው፤ ከዚያ በውሃ የቀጠነ ኮምጣጤ። ጥግ ላይ ሞክሪው፣ የሶፋውን ቀለም እንዳያስለቅቅ። በረኪና አታስጠጊ፤ ምክንያቱን ከላይ ለእህታችን ጽፌላታለሁ። አሞኒያ ባለው ማጽጃም አትሞክሪ፤ ድመትሽ የሌላ ድመት ሽንት ሊመስላት ይችላል፤ ያን ጊዜ ተመልሳ ትሸናበታለች።