ከጣት ደም አልዛይመርን የሚለይ መሣሪያ ይላክ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። እናቴ 68 ዓመቷ ነው። አቦሉን ቀድታ ሳትጨርስ እንደገና ቡና መቁላት ትጀምራለች። ባለፈው ደግሞ ከአሞራ ገደል ዓሣ ገዝታ ስትመለስ ሰፈሯ ጠፍቷት የባጃጅ ሹፌር ነው ቤት ያደረሳት። ጎረቤቶች «እርጅና ነው» ይላሉ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ግን አልዛይመር የተባለውን የመርሳት በሽታ ከጣት ደም የሚለይ ሴንሰር አለ፣ ገዝቼ ልላክ እያለ ነው። ይላክ ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ይቅር፣ እህቴ። ወንድምሽ የሰማው ከመሬት ተነስቶ የተወራ አይደለም፤ ግን ቸኩሏል።

እኔ ስኳር አለብኝ። ጠዋት ጠዋት ከሻይ በፊት ጣቴን ወግቼ ጠብታዋን የስኳር መለኪያው ስትሪፕ ጫፍ ላይ አስነካለሁ። ያቺ ስትሪፕ ባዮሴንሰር ናት። ስኳርን ለይቶ የሚያውቅ ኢንዛይም አለባት፤ ሁለቱ ሲገናኙ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ መሣሪያው እሱን ወደ ቁጥር ይለውጣል። የአልዛይመሩም ሐሳብ ይኸው ነው። በኢንዛይሙ ፈንታ አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል፣ ወርቅ ወይም ግራፊን የተባለ ስስ የካርቦን ንጣፍ ላይ ይለጠፋል። አንቲቦዲው ከበሽታው ጋር የሚጨምረውን ፒ-ታው 217 የተባለ ፕሮቲን ሲይዝ የኤሌክትሪኩ ፍሰት ይቀየራል።

ታዲያ ምን አስቸገረ? መጠኑ። ጤነኛ ሰው በ1 ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ገደማ ስኳር አለው። ይህ ፕሮቲን ግን የሚቆጠረው በፒኮ ግራም ነው፤ 1 ሚሊ ግራም ለቢሊዮን ሲካፈል ማለት ነው። ደም ውስጥ ያለው ሌላው የፕሮቲን መዓት ደግሞ ሴንሰሩ ላይ እየተለጠፈ ውጤቱን ያዛባል።

ግንቦት 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የመጀመሪያውን የአልዛይመር የደም ምርመራ ፈቅዳለች። እሱም ቢሆን ከደም ሥር ተቀድቶ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ነው። የተፈቀደውም ዕድሜያቸው ገፋ ብሎ የመርሳት ምልክት ላሳዩ ሰዎች ነው፤ ውጤቱ ብቻውን አይነበብም፣ ከሌላው ምርመራ ጋር እንጂ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ፒ-ታው 217 በሌላ ምክንያት ከፍ ሊል ይችላል።

አሚሎይድ የሚባለው ሌላው ፕሮቲን አንጎል ውስጥ መከማቸት የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቀድሞ ነው። የሴንሰሩ ተስፋ ያለው እዚያ ጊዜ ላይ ነው። የእናትሽን ግን ቡናው ነግሮሻል። አሁን የሚጠየቀው «ከምን መጣ?» ነው።

«እርጅና ነው» የምትለዋን ቃል አልወዳትም። ስንቱን ሰው ቤት አስቀርታለች! የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና ድባቴ ልክ እንዲህ ያስረሳሉ፤ ሦስቱም ይታከማሉ። እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ ክኒኖችም ትልልቅ ሰዎችን ግራ ያጋባሉ። እናትሽ በቅርብ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተው ከሆነ ለሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳትወጪ።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ ጎረቤት የሰጠቻቸውንም ጭምር። መንገድ የጠፋቸውን ቀን ወረቀት ላይ ጻፊው። ወንድምሽ ለሴንሰሩ ያሰበውን ብር ለምርመራው ይላክ።