አሜሪካዊው የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ ጂም ሪቭስ በ1964 ከሞተ የ1966ቱ ዘፈን ከየት መጣ?

ድምፁ የራሱ ነው፤ አስመሳይ አይደለም። የጠየቅከው «ዲስታንት ድረምስ» በ1966 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለገበያ ወጣ እንጂ የተቀረጸው በሕይወቱ ሳለ ነው። ሪቭስ ራሱ ያበራት የነበረችው አውሮፕላን ናሽቪል አጠገብ ተከስክሳ ሲሞት፣ ያልወጡ ብዙ ቅጂዎች ትቶ ነበር። አሳታሚው አርሲኤ ለሙከራ የተቀዳውን ይህን ዘፈን ወስዶ የኦርኬስትራ አጀብ ጨመረበት፤ እንግሊዝ አገር አንደኛ ወጣ። ባለቤቱ ሜሪም ሥራዎቹ እንዳይረሱ ለዓመታት ደክማለች።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ሥራዎቹን ስሰበስብ እንዳየሁት፣ ሽፋን ላይ ያለው ዓመት የተቀረጸበት ላይሆን ይችላል። በ1981 ከዘፋኟ ፓትሲ ክላይን ጋር የወጣው ቅብብል በሕይወት ሳሉ ለየብቻ ከዘፈኑት፣ ሁለቱም ከሞቱ በኋላ በስቱዲዮ የተጋጠመ ነው።

አዘፋፈኑ እንዴት እንደተለወጠ ማወቅ ከፈለግህ በተቀረጹበት ዓመት ደርድራቸው፦

1. «ሜክሲካን ጆ»፣ 1953። ድምፁን ከፍ አድርጎ ይዘፍናል።
2. «ፎር ዎልስ»፣ 1957። ማይክሮፎኑን ተጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጆሮህ ሥር የሚያወራህ እስኪመስል ድረስ። ሁለቱን አከታትለህ በጆሮ ማዳመጫ ስማቸው፤ ልዩነቱ ወዲያው ይገባሃል።