«የለም» እና «አይደለም» በፈረንሳይኛ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ፈረንሳይኛ አሉታ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። በአፍንጫ የሚባሉትን ድምፆች ፊደላችን በትክክል አይዛቸውምና አጻጻፌ በግምት ነው።

ጥያቄ፦ «ወንድም አለኝ» ለማለት «ዤ አን ፍሬር» እንላለን። «የለኝም» ስንል «አን» ምን ትሆናለች?

መልስ፦ «ደ» ትተካታለች፦ «ዠ ኔ ፓ ደ ፍሬር»። «አን»፣ «ዩን»፣ «ዴ»፣ «ዱ»፣ «ደ ላ» የሚባሉት አርቲክሎች (ከስም ፊት የሚቆሙ ትንንሽ ቃላት) በሙሉ፣ ጾታና ቁጥር ሳይለይ፣ «ደ» ይሆናሉ። ቀጥሎ አናባቢ ከመጣ ትዋጣለች፤ «ገንዘብ የለም» ለማለት «ፓ ዳርዣን» ነው። ከ«ነ» ጋር ሆና አሉታን በምትሠራው በ«ፓ» ፋንታ «ፕሉ» («ከእንግዲህ») ወይም «ዣሜ» («በፍጹም») ቢገባም ሕጉ ያው ነው።

ጥያቄ፦ «ቡና አልጠጣም» ብዬ «ዠ ነ ብዋ ፓ ለ ካፌ» ብጽፍ መምህሬ አረመችኝ። «ዠ ኔም ፓ ለ ካፌ»ን («ቡና አልወድም») ግን ትክክል አለችው። ሁለቱም ቡና፣ ሁለቱም አሉታ!

መልስ፦ ያሳሳተዎት አማርኛችን ነው። «ቡና አልጠጣም» ብንልም «ቡና አልወድም» ብንልም ቡናው ቅርጹን አይለውጥም። ፈረንሳይኛ ግን ስለ መጠጣት ሲያወራ መጠን ያስባል፦ «ዱ ካፌ»፣ ከቡና ጥቂት። ካልጠጡ መጠኑ ዜሮ ነውና «ፓ ደ ካፌ» ይላል። መውደድና መጥላት ላይ ግን ነገሩ ቡና በተባለው ሁሉ ላይ ነው፤ እርስዎ ባይወዱትም ቡና አለ። ስለዚህ «ለ»፣ «ላ» እና «ሌ» በአሉታ አይነኩም። እርስዎ የጻፉት ዓረፍተ ነገር «ያንን የምናውቀውን ቡና አልጠጣውም» ያሰኛል። «ላ» እንኳንስ በአሉታ፣ አገር ተሻግራም አትለቅም፤ «ላ ጋር» («ባቡር ጣቢያው») ከሚለው ጋር ተጣብቃ መጥታ «ለገሃር» ውስጥ ቀርታለች።

ጥያቄ፦ «ሰ ኔ ፓ ዱ ካፌ፣ ሴ ዱ ቴ» የሚል አነበብኩ። «ደ» የት ሄደች?

መልስ፦ እዚህ አማርኛችን ይክሰናል። እኛ «የለም» እና «አይደለም»ን እንለያለን። «ይህ ቡና አይደለም፣ ሻይ ነው» ስንል ስኒው ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ የካድነው ማንነቱን ነው። «ደ» የምትመጣው ለ«የለም» ነው። «ኤትር» («መሆን») የተባለው ግስ የ«አይደለም» ስለሆነ አርቲክሉን አይነካም። በሌላ ግስም ቢሆን «የገዛሁት ሻይ ሳይሆን ቡና ነው» ለማለት «ዠ ኔ ፓ አሽቴ ዱ ቴ፣ ሜ ዱ ካፌ» ይባላል።

ጥያቄ፦ «ዠ ነ ብዋ ከ ዱ ቴ» ውስጥስ? «ነ» እኮ አለች።

መልስ፦ ትርጉሙ «ሻይ ብቻ እጠጣለሁ» ነው። ሻዩ ይጠጣል፤ «የለም» አልተባለምና «ዱ» አትነካም።

ጥያቄ፦ «ሻይም ቡናም አልጠጣም» ስንልስ?

መልስ፦ አርቲክሉ ጭራሽ ይጠፋል፦ «ዠ ነ ብዋ ኒ ቴ ኒ ካፌ»። በመውደድ ላይ ግን «ለ» እዚህም ትጸናለች።

ጥያቄ፦ ፈረንሳዮች ሲናገሩ «ነ»ን አልሰማትም፤ ጆሮዬ ነው?

መልስ፦ ጆሮዎ ደህና ነው፤ በንግግር ይጥሏታል፦ «ዤ ፓ ዳርዣን»። «ፓ» ጥንት «እርምጃ» ማለት ነበረች። «አንዲት እርምጃ አልሄድም» እንደማለት «ነ»ን ልታግዝ ገብታ፣ ዛሬ ቤቱን ወርሳለች። በፈተና ላይ ግን «ነ»ን ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ዠ ኔ ፓ አን ሱ» ለምን «ደ ሱ» አልሆነም?

መልስ፦ «ሱ» የድሮ ሳንቲም ናት፤ «አን»ም እዚህ ቁጥር ናት፣ «አንዲት እንኳ»። እኛ «አምስት ሳንቲም የለኝም» እንላለን፤ እነሱ በአንድ ጨረሱት።